መርገጫ ሌላ፣ መከላከያ ሌላ፤ ስለ ገጠር መኪና የጎን ብረት አመራረጥና አገጣጠም



ስለ ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ጉምሩክ ሥርዓት ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፤ ወደ ፊትም ይጽፋሉ። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከእነዚህ ታላላቅ ጉዳዮች አጠገብ ሲቆም እጅግ አነስተኛ መስሎ ስለሚታይ ነገር ነው፤ ይኸውም በመኪናዎቻችን በሮች ሥር በግራና በቀኝ ስለሚገጠመው ብረት ነው። ነገሩ አነስተኛ ይምሰል እንጂ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለምንነግድ ሰዎች ገንዘብንም፣ ጊዜንም፣ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ደኅንነት የሚያስከፍል ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልተቻለኝም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከፈጸምሁ በኋላ በአንድ የማርና የሰም ነጋዴ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እስከ ዛሬ በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ነገር ግን የግዥው ትእዛዝ በእጄ ይጻፋል፤ ደረሰኙ በእጄ ያልፋል፤ የጥገናው ወጪም በእኔ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መካኒኩ መኪናውን ከሥሩ ተኝቶ ሲመለከተው እኔ ደግሞ ከመዝገቡ ላይ አጎንብሼ እመለከተዋለሁ። ከዚህ በታች የምተርከው ጥፋትም ከሁሉ አስቀድሞ የራሴ ጥፋት መሆኑን በቅድሚያ እገልጻለሁ።

ካቻምና ክረምቱ ሳይገባ አሠሪዬ ማር ለማሰባሰብ ወደ ገጠር የምንልከውን ደብል ጋቢና መኪና የጎን ብረት እንዳስገጥምለት አዘዙኝ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሽማግሌዎችና ሴቶች ለመሳፈር ይቸገሩ ነበር። ሁለተኛው፣ ከጢስ ዓባይ ወዲያ ባለው የገጠር መንገድ ድንጋዩ የበሩን ሥር ላሜራ እየቧጠጠ አስቸግሮን ነበር። እኔም አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ መደብር ጻፍሁ። ከመደብሩ የመጣው የዋጋ ማቅረቢያ «የጎን መከላከያ፣ የማይዝግ ብረት፣ አንድ ጥንድ» የሚል ነበር። «መከላከያ» የሚለውን ቃል አነበብሁ፤ አመንሁ፤ አዘዝሁ። ብረቱ ከመኪናው ምን ላይ እንደሚታሰር፣ ውፍረቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል አልጠየቅሁም። ዕቃው በደረሰ ጊዜ እንደ መስተዋት የሚያበራ ስለ ነበር ሁላችንም ወደድነው። በግማሽ ቀንም ተገጥሞ አለቀ።

ከሁላችንም ይልቅ የተደሰቱት የሾፌራችን እናት ነበሩ። እኒህ እናት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ከዚያ በፊት መኪናው ላይ የሚወጡት ልጃቸው ብብታቸውን ይዞ እያነሣቸው ነበር። ብረቱ የተገጠመ ዕለት ግን ብቻቸውን ረግጠው ወጥተው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ይኸው፣ ዛሬ እንደ ሰው ወጣሁ» ብለው ሁላችንንም መረቁን።

በዚያው ክረምት ከጢስ ዓባይ ወዲያ ካለ አንድ መንደር ማር ጭነን ተመለስን። እኔም ለገበሬዎቹ ሒሳብ ለመክፈል ሄጄ ስለ ነበር ነገሩን በዐይኔ አየሁት። ዝናብ በሸረሸረው መንገድ ላይ የቀኙ ጎማ ከጠርዙ ተንሸራተተና የመኪናው ጎን ከነሙሉ ክብደቱ በአንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያ የሚያበራው ቧንቧ እንደ ሸንበቆ ታጠፈ። ታጥፎም አልቀረ፤ ወደ ላይ ዞሮ የበሩን ሥር ላሜራ ወደ ውስጥ ስለ ገፋው የኋላው የቀኝ በር ተቀርቅሮ አልከፈት አለ። እማማ የተቀመጡት በዚያው በር አጠገብ ነበር። መኪናው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ስለ ነበር እርሳቸውን በግራው በር ወደ ላይ ስበን ለማውጣት ልጃቸውና እኔ ብዙ ደከምን። መኪናውን በክሪክ ለማንሣት ብንሞክርም የታጠፈው ብረት ለክሪኩ ማረፊያ አልሆነንም። የሚጎትተን መኪና እስኪገኝ ድረስ ከቀትር እስከ ማታ በዝናብ ቆምን። በዚህ መካከል እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ለመግቢያ ብቻ ነውን? ለመውጫውስ ምን አስባችሁ ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬ የምጽፈው ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ነው።

ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ መዝገቤን ገልጬ ሒሳቡን አሰላሁ። የበሩ ላሜራ ማቃኛ፣ የቀለሙ ዋጋ፣ የጎታቹ መኪና ክፍያ፣ ከተገለበጡት ጣሳዎች የፈሰሰው ማር፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሥራ የፈታባቸው ቀናት፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ከብረቱ መግዣ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ከመካኒኮች፣ ከበያጆችና ከሾፌሮች እየጠየቅሁ፣ የፋብሪካዎችንም መመሪያ እያነበብሁ የተረዳሁትን ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ ማካፈል ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የምንነግድበትን መሬት ጠባይ እንመልከት። ጣና ራሱ ድንጋይ ያቆመው ባሕር ነው። የመሬት ጥናት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ስለ ገደበው ሐይቁ ተጠራቅሞ ዛሬ ያለውን መልክ ያዘ። በባሕር ዳርና በጢስ ዓባይ አካባቢ በየእርሻው የሚታየው፣ የዓባይ ፏፏቴም የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ይህ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ሲሰበርም ጠርዙ ስለታም ነው። ዝናብ አፈሩን ባጠበ ቁጥር በመንገዱ መካከል ራሱን ብቅ ያደርጋል። በሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ፣ በሰሜኑም በደምቢያ ሜዳ ደግሞ የመኪና ጠላት ሌላ ነው። በዚያ ያለው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ርብና ጉማራ በሞሉ ጊዜም ሜዳው በጎርፍ ይዋጣል። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንጋይም ጭቃም የሚረግጥ መኪና ከሁለቱም የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል።

ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚደርሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው፤ በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውም እንዲሁ አስፋልት ነው። ነገር ግን ማሩና ሰሙ፣ የዘጌው ቡና፣ የፎገራውም ሩዝ አስፋልት ላይ አይበቅሉም። ነጋዴው ዕቃውን የሚያገኘው አስፋልቱን ትቶ ወደ ጎን በታጠፈበት ቦታ ነው፤ የጎን ብረት ጥቅሙም ጉዳቱም የሚለየው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በገበያችን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም ይሸጣሉ። አንደኛው መርገጫ ነው። መርገጫ ሰው እግሩን አሳርፎ ወደ ጋቢናው እንዲወጣ የሚያገለግል ቀላል ቧንቧ ወይም ሰሌዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ከቀጭን የማይዝግ ብረት ወይም ከአልሙኒየም ይሠራል፤ የሚታሰረውም በበሩ ሥር ባለው የአካል ላሜራ ላይ በስስ እግሮች ነው። የአንድ ሰው ክብደት ይችላል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ሁለተኛው መከላከያ ነው። መከላከያ ከወፍራም ብረት የሚሠራ፣ በመኪናው ሻንሲ ላይ የሚታሰር፣ መኪናው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን ተቀብሎ ወደ ሻንሲው የሚያስተላልፍና በድንጋዩም ላይ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። መርገጫ ለድንጋይ አለመቻሉ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ከበሩ ሥር ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል፣ ያለ እርሱ መኪናው ሳይነካው ያልፍ የነበረውን ድንጋይ ራሱ ይፈልገዋል፤ ካገኘውም በኋላ ምቱን የሚያሳልፈው ለመኪናው ስስ አካል ነው።

ይህን ስል መርገጫ አይሸጥ ማለቴ አይደለም። ከአስፋልት የማይወጣ መኪና ለተሳፋሪው ምቾት መርገጫ ቢያስገጥም መልካም አደረገ። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴልም ወደ ጎንደር እንግዳ የሚያመላልስ ሰው ወፍራም ብረት ተሸክሞ ነዳጅ የሚጨርስበት ምክንያት የለውም። የእኔ ክርክር መርገጫ መርገጫ ተብሎ ይሸጥ፣ መከላከያም መከላከያ ተብሎ ይሸጥ ነው።

እንግዲህ ገዢ የሆነ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ብረቱ የት ላይ ይታሰራል? መልሱ «ሻንሲው ላይ» ካልሆነ ዕቃው መከላከያ አይደለም። በገጠር የሚሠሩት ብዙዎቹ መኪናዎች፣ እንደ ላንድክሩዘርና እንደ ሃይሉክስ ያሉት፣ አካላቸው ከሻንሲው ተለይቶ በጎማ ትራስ ላይ የተቀመጠ ነው። ክብደት የሚችለው ሻንሲው ነው፤ የበሩ ሥር ላሜራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ ስንት ነው? በሙያው ሰዎች ዘንድ የተለመደው ለዋናው ቧንቧ ወይም ቱቦላሬ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለእግሮቹና ሻንሲውን ለሚነካው ሰሌዳ ደግሞ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ነጋዴው መለኪያ ይዞ የቧንቧውን አፍ ቢለካ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። የብረቱ ብርሃን ስለ ውፍረቱ ምንም አይናገርም።

ሦስተኛ፣ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ጥሩ መከላከያ ከሻንሲው የታችኛው ጠርዝ ብዙም ሳይወርድ ከአካሉ ሥር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ የውጭው ጠርዙም በመጠኑ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ይህም ድንጋዩ መኪናውን ወደ ውጭ እየገፋ እንዲያሳልፈው ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው የመኪናው ሆድ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉብታ የመሻገር ችሎታው ይቀንሳል።

አራተኛ፣ መኪናውን ይሸከማልን? ይህ የመጨረሻው ፈተና ነው። ክሪኩን ከብረቱ መካከል አሳርፎ መኪናውን በዚያ በኩል ጎማው መሬት እስኪለቅ ድረስ ማንሣት ነው። ከማንሣቱ በፊት በብረቱና በበሩ ሥር መካከል ያለውን ክፍተት መለካት፣ መኪናው ከወረደ በኋላም እንደ ገና መለካት ይገባል። ክፍተቱ ካልተለወጠ ዕቃው ስሙን የሚገባ ነው። ፈተናውም በደልዳላ መሬት ላይ፣ ጎማዎቹ ድንጋይ ተደግፎባቸው፣ ሰውም ከመኪናው ሥር ሳይገባ መደረግ አለበት።

ከምርጫው የማያንሰው አገጣጠሙ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ጥሩ ብረት በችኮላ ቢገጠም ከመጥፎ ብረት አይሻልም። መካኒኮቹ ካስረዱኝ ውስጥ ለባለንብረት የሚጠቅመውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሻንሲው ላይ ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች ካሉ እነርሱን መጠቀም ይመረጣል። አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ በሻንሲው የጎን ፊት መካከል ይበሳ እንጂ የላይና የታች ጠርዙ በትራፓኖ አይነካ፤ ሸክም ሲመጣ ከሁሉ የሚበልጥ ጫና የሚያርፈው በእነዚህ ጠርዞች ላይ ነውና። ሻንሲው እንደ ሣጥን የተዘጋ ከሆነ ብሎኑ አልፎ ሲጠብቅ ሁለቱን ግድግዳ ወደ ውስጥ እንዳይጨፈልቅ በመካከል አጭር የቧንቧ ቁራጭ ይገባል። ብሎኑ በራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን፤ ቁጥር የሌለው ብሎን ለአጥር በር እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ አይዘንጋ።

በብየዳ ከሻንሲው ጋር ማጣበቅ ብርቱ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በጥሩ በያጅ እጅ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያደክማል፤ ከተበየደም በኋላ ብረቱን ለጥገና ወይም ለሽያጭ መፍታት አይቻልም። ስለዚህ እኔ በብሎን የሚታሰረውን እመርጣለሁ። በመኪናው ላይ ማናቸውም ብየዳ ሲደረግ ግን አስቀድሞ የባትሪው ገመድ መፈታት አለበት፤ ይህ ካልሆነ የመኪናው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። በሻንሲው ጎን የሚያልፉት የፍሬንና የነዳጅ ቧንቧዎች የት እንዳሉ ሳይታይም ትራፓኖም ሆነ እሳት አይቅረብ።

ብረቱ ከበሩ ሥር ላሜራ ጋር ፈጽሞ መነካካት የለበትም። አካሉ በጎማ ትራስ ላይ ስለ ተቀመጠ በኮረኮንች መንገድ ላይ ከሻንሲው ተለይቶ ይወዛወዛል፤ ብረቱ ከሁለቱም ጋር ከታሰረ ወይ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ላሜራው ይቀደዳል። ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት መተው ይበቃል። የቧንቧው ጫፎች ተደፍነው የተለሰኑ ይሁኑ፤ ከመኪናው ጎንም ከልክ በላይ አይውጡ። የከተማችን መንገድ የእግረኛ፣ የብስክሌትና የባጃጅ መንገድ ነውና ለራሳችን መኪና መከላከያ ስንገጥም የሰው ጉልበት መስበሪያ እንዳናደርገው እንጠንቀቅ።

ስለ ጭቃውም አንድ ቃል ልጨምር። የፎገራ ዋልካ በብረቱና በአካሉ መካከል ገብቶ ከደረቀ እርጥበቱን ለብዙ ቀን ይዞ ይቆያል፤ ዝገትም በዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ብረቱ ከታች ውሃ የሚያፈስስ ትንንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከእያንዳንዱ የክረምት ጉዞ በኋላም ከውስጥ በኩል ይታጠብ። ለቀለሙም ቢሆን ተራውን የጸረ ዝገት ቀለም ከሚያበራው ልባስ አስበልጣለሁ፤ ድንጋይ የፋቀውን ተራ ቀለም ባለንብረቱ ራሱ በብሩሽ ያድሰዋልና። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደ ገና ማጥበቅ አይረሳ።

አንዳንድ ባለ ጋራዦች ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቧንቧ ይጠቀማሉ። ይህን እቃወማለሁ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ በያጁን በትኩሳትና በብርድ የሚያንቀጠቅጥ መርዝ ነው፤ ዚንኩ ሳይፋቅ የተበየደውም መጋጠሚያ ደካማ ይሆናል። የሠራተኛውን ሳንባ የበላ ርካሽ ዋጋ ርካሽ አይባልም።

በዚህ ላይ የዘመኑን ለውጥ ማስታወስ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በከተሞቻችን እየበዙ ነው። ከእነዚህ የብዙዎቹ ባትሪ የተዘረጋው በወለሉ ሥር፣ በሁለቱ በሮች ግርጌ መካከል ነው፤ ኀይሉም ሰው ለመግደል የሚበቃ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መኪና ግርጌ ላይ የፋብሪካውን መመሪያ ሳያነብ ትራፓኖ የሚያሳርፍ ባለ ጋራዥ በራሱም በደንበኛውም ሕይወት ላይ ይፈርዳል። እንዲሁም ሻንሲና አካላቸው አንድ ሆኖ ለተሠሩት ትንንሽ መኪናዎች የሻንሲ መከላከያ አይስማማቸውም፤ ለእነርሱ መርገጫ ካስፈለገ ፋብሪካው ባሰናዳው ቦታ ብቻ ይታሰር።

ስለ እማማ ጥያቄ አልረሳሁም። መከላከያው ከአካሉ ሥር ተጠግቶ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን አዛይ እናት እንደ መርገጫ ዝቅ ብሎ አያገለግልም፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የእኛን መኪና እንደ ገና ያሠራነው በዚሁ በከተማችን ባለ አንድ ጋራዥ ሲሆን፣ በያጁ መፍትሔውን ያገኘው ከፈረስ ኮርቻ ነው። ከመከላከያው ሥር፣ በኋላው በር ትይዩ፣ በወፍራም የጎማ ቀበቶ አንዲት ሰፊ እርካብ አንጠለጠለበት። ሰው ሲረግጣት ትጠነክራለች፤ ድንጋይ ሲነካት ወደ ኋላ ታጥፋ ታልፍና ተመልሳ ትንጠለጠላለች። በታላላቅ የሥራ መኪናዎች የታችኛው ደረጃ ላይም እንዲህ ያለ የሚተጣጠፍ መርገጫ እንደሚገጠም በኋላ ተረዳሁ። በበሩ አጠገብ የእጅ መያዣ ሲጨመርበትም እማማ ዛሬ ያለ ረዳት ይወጣሉ፤ ያለ ረዳትም ይወርዳሉ። ባለፈው ክረምት መኪናው በዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀለሙ ተፋቀ፤ በሮቹ ግን ተከፈቱ።

ይህን ሐሳብ ለነጋዴ ወዳጆቼ ባቀረብሁ ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞኛል። አንዱ ስለ ክብደቱ ነው። አንድ ጥንድ መከላከያ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያን ያህል ጭነት እንቀንሳለን ማለት ነው ይላሉ። ትክክል ነው። ስለዚህም ነው ከአስፋልት ለማይወጣ መኪና አይገጠም ያልሁት። ለገጠር መኪና ግን አንድ ጣሳ ሁለት ጣሳ ማር መተው፣ ጭነቱን ሁሉ በመንገድ ላይ ከማፍሰስ ይሻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ የባለ ሱቁ ነው። «ገዢው የሚወድደው የሚያበራውን ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ የሚያበራውን ሽጥለት፤ ነገር ግን መከላከያ ነው አትበለው። ደንበኛህ ብረቱ የታጠፈ ዕለት የሚያስታውሰው የብረቱን ብርሃን አይደለም፤ በደረሰኙ ላይ የጻፍህለትን ቃል ነው። ያን ቃል ለምን እንዳላጣራሁት የእኔም ኅሊና ይወቅሰኛል፤ ሻጭ በቃሉ፣ ገዢም በጥያቄው ተጠያቂዎች ነንና።

ለአስመጪዎችም የምለው አለኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደ ከበደን ሁላችን እናውቃለን። ተሠርቶ ያለቀ የጎን ብረት ረዥምና ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ በኮንቴይነር ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ለአየር የመርከብ ኪራይ እንደ መክፈል ነው። ጥሬውን ቱቦላሬ፣ ሰሌዳውንና ቁጥር ያለውን ብሎን አምጥቶ እዚሁ ማሠራት ግን ምንዛሪን ይቆጥባል፤ ለአገር ልጅም ሥራ ይሰጣል። ባሕር ዳር ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም፤ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቷ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የታሰበው የእጅ ሥራና የቴክኒክ ዕውቀት በዚህ አገር እንዲስፋፋ ነበር። በየጋራዡ ያሉት በያጆቻችን እጃቸው ብልህ ነው። የሚጎድላቸው ለእያንዳንዱ የመኪና ዐይነት አንድ የተረጋገጠ ልክና አንድ የሥራ መምሪያ ነው።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን ሦስት ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። መጀመሪያ፣ አስመጪዎች፣ ባለ ሱቆችና ባለ ጋራዦች ተሰብስበው በደረሰኝና በዋጋ ማቅረቢያ ላይ «መርገጫ» እና «መከላከያ» የሚሉት ቃላት ተለይተው እንዲጻፉ ይስማሙ። ቀጥሎ፣ መከላከያ ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የብረቱ ውፍረት፣ የሚታሰርበት ቦታና የሚስማማው የመኪና ዐይነት በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። በመጨረሻም፣ በአካባቢያችን ለሚበዙት ሁለት ወይም ሦስት የመኪና ዐይነቶች የሚሆን ልክ ከከተማችን የቴክኒክ መምህራን ጋር ተዘጋጅቶ ለባለ ጋራዦች ይታደል። ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እውነተኛ ቃል ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ጸሐፊ አስተያየት ነው። ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ መካኒክ ወይም ነጋዴ ስሕተቴን ቢያርመኝ አመሰግነዋለሁ እንጂ አላፍርም። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ለመኪናው የጎን ብረት ሊገዛ የተነሣ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ወደ ሻጩ ቀረብ ብሎ የእማማን ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ፤ ለመግቢያው ይሁን፣ ለመውጫውስ ምን አስባችኋል?